ሳያዙ የሚፈጸም ትእዛዝ፦ ዌብ አፕሊኬሽንን ከሲኤስአርኤፍ ጥቃት የመጠበቅ አሠራር

አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላት ፖርታል አለው እንበል። አባሉ ጠዋት ገብቶ ሒሳቡን አየና ሳይወጣ ታቡን ዘጋ። ከሰዓት በኋላ በቴሌግራም የመጣለትን የሥራ ማስታወቂያ ሊንክ ሲከፍት፣ የማስታወቂያው ገጽ ከጀርባ ወደ ፖርታሉ «ስልክ ቁጥሬን ቀይር» የሚል ፎርም ይልካል። ብራውዘሩ የፖርታሉን ኩኪ፣ ማለትም አባሉ መግባቱን ለሰርቨሩ የሚያስታውሰውን ትንሽ መረጃ፣ አብሮ ያያይዛል። ሰርቨሩ ኩኪውን አይቶ አባሉ ራሱ ያዘዘ ይመስለዋል፤ ቁጥሩንም ይቀይራል። አጥቂው የይለፍ ቃል አልሰረቀም፣ ኩኪውን አላየም፣ የሰርቨሩን መልስ እንኳ ማንበብ አይችልም። ማንበብም አያስፈልገውም፤ ከዚህ በኋላ የማረጋገጫ ኮዱ የሚደርሰው በእሱ ስልክ ነው።

ሲኤስአርኤፍ (ክሮስ-ሳይት ሪኩዌስት ፎርጀሪ፣ ከሌላ ሳይት ተነሥቶ በተጠቃሚው ስም የሚላክ ሐሰተኛ ጥያቄ) የሚባለው ይህ ነው። የዌብ ደኅንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የ10 ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር 8ኛ ላይ ነበር። ፍሬምወርኮች (አፕሊኬሽን የሚሠራባቸው ዝግጁ የኮድ ማዕቀፎች) መከላከያውን አብረው ማቅረብ ስለጀመሩ በ2017ቱ ዝርዝር ራሱን ችሎ አልተካተተም፤ በ2021 ደግሞ በ1ኛው ምድብ፣ ማለትም በመዳረሻ ቁጥጥር ጉድለት ሥር ገባ። ስለዚህ ዛሬ ቀዳዳው የሚገኘው በአብዛኛው መከላከያ ባልተሠራበት ቦታ ሳይሆን፣ ነበረና አንድ ሰው ስሕተት ሲገጥመው ባነሣበት ቦታ ነው። የሚከተለው አሠራርም ትልቁን ትኩረት የሚሰጠው ለዚያ ነው። ምሳሌዎቹ ከላራቬል፣ ከጃንጎና ፍሬምወርክ ከሌለው ፒኤችፒ የተወሰዱ ናቸው።

1. ጉዳዩ ይመለከትዎት እንደሆነ ይለዩ

ጥያቄው አንድ ነው፦ የተጠቃሚውን ማንነት የሚገልጸውን ነገር ወደ ሰርቨሩ በሚሄደው ጥያቄ ላይ የሚያያይዘው ማን ነው? ብራውዘሩ በራሱ የሚያያይዘው ከሆነ፣ ማለትም የሴሽን ኩኪ፣ የቤዚክ ኦተንቲኬሽን ስምና የይለፍ ቃል ወይም የደንበኛ ሰርተፍኬት ከሆነ፣ ይመለከትዎታል። የራስዎ ጃቫስክሪፕት በየጥሪው «ኦተራይዜሽን» ሄደር ውስጥ የሚጽፈው ከሆነ ግን አይመለከትዎትም፤ የሌላ ሳይት ገጽ የማያውቀውን ቶክን (የማንነት ማረጋገጫ ጽሑፍ) ሊጽፍ አይችልም።

«እኛ የምንጠቀመው ጄደብልዩቲ ስለሆነ ሲኤስአርኤፍ አይነካንም» የሚል ክርክር በየቡድኑ ይሰማል፤ ጄደብልዩቲ የተጠቃሚውን ማንነት የያዘ የተፈረመ ቶክን ነው። ወሳኙ የቶክኑ ዓይነት ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው። ኩኪ ውስጥ የተቀመጠ ጄደብልዩቲ ከተራ የሴሽን ኩኪ በምንም አይለይም። ወደ ሎካል ስቶሬጅ ካዛወሩት ሲኤስአርኤፍ ይቀራል፣ ግን ገጹ ውስጥ ሾልኮ የገባ ማንኛውም ስክሪፕት ቶክኑን አንብቦ ይወስደዋል። ከሁለቱ ኤችቲቲፒ-ኦንሊ (ጃቫስክሪፕት የማያነበው) ኩኪን ከሲኤስአርኤፍ መከላከያ ጋር መጠቀም ይመረጣል።

2. መረጃ የሚለውጡ ራውቶችን (የሰርቨሩን አድራሻዎች) በሙሉ ይመዝግቡ

አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው። በላራቬል የአርቲዛን «ራውት ሊስት» ትእዛዝ ሁሉንም ያወጣልዎታል፤ በጃንጎ የዩአርኤል ፋይሎቹን ማየት ነው። ለእያንዳንዱ አራት ነገር ይጻፉ፦ አድራሻው፣ የሚቀበለው ሜተድ (ለማየት ጌት፣ ለመላክ ፖስት የመሳሰለው የጥያቄ ዓይነት)፣ የሚለውጠው ነገር፣ አሁን ያለው መከላከያ። ምዝገባው ሲያልቅ ሦስት ዓይነት ችግር ብቅ ማለቱ አይቀርም።

የመጀመሪያው በጌት የሚሠራ ለውጥ ነው። «ሰርዝ»፣ «አጽድቅ» እና «ውጣ» የሚሉ ሊንኮች ዋናዎቹ ናቸው። ፍሬምወርኮቹ ጌት፣ ሄድና ኦፕሽንስን ምንም እንደማይለውጡ ቆጥረው ያለ ሲኤስአርኤፍ ቶክን (ሌላ ሳይት የማያውቀው፣ ከፎርሙ ጋር የሚላክ ምስጢራዊ ጽሑፍ) ያሳልፏቸዋል፤ አጥቂው ደግሞ አድራሻውን የምስል ታግ ውስጥ ከማስገባት ወይም ተራ ሊንክ ከማድረግ በላይ አይደክምም። እነዚህን አዝራር ወዳለው የፖስት ፎርም ይለውጧቸው።

ሁለተኛው ማንኛውንም ሜተድ የሚቀበል ራውት ነው። በላራቬል «ራውት ኤኒ» ተብሎ የተመዘገበ አድራሻ በፖስት ቶክን ይጠይቃል፣ በጌት ግን አይጠይቅም፤ ውስጡ ያለው ኮድ ግን ያው ነው። በፒኤችፒ «ሪኩዌስት» ከተባለው ድርድር የሚያነብ ኮድም እንዲሁ የዩአርኤል ግቤትን ከፎርም ግቤት አይለይም። ሜተዱን በስሙ ይወስኑ፣ በፒኤችፒም ከ«ፖስት» ድርድር ብቻ ያንብቡ።

ሦስተኛው በተሳሳተ ቡድን የተቀመጠ ራውት ነው። የላራቬል «ዌብ» ቡድን የሲኤስአርኤፍ ማረጋገጫ አለው፣ «ኤፒአይ» ቡድን የለውም። በኤፒአይ ፋይል ውስጥ የተጻፈ ነገር ግን በኩኪ የሚገባበት ራውት ክፍት ነው። የጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ ተጠቃሚዎችን የሚይዘው ወጥመድ ደግሞ ረቀቅ ይላል፦ የፍሬምወርኩ ኤፒአይ ቪዎች ከጃንጎ አጠቃላይ ማረጋገጫ ነፃ ናቸው፤ ቶክኑን መልሶ የሚጠይቀው «ሴሽን ኦተንቲኬሽን» የተባለው ክላስ ነው። ጄደብልዩቲን ከኩኪ የሚያነብ የራስዎን ክላስ ጽፈው ከተኩት ማረጋገጫው በጸጥታ ይጠፋል። ስሕተት አይመጣም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። የራስዎ ክላስ ውስጥ ማረጋገጫውን መጥራት አለብዎት።

3. ቶክኑን ይትከሉ

በላራቬል እያንዳንዱ የፖስት ፎርም ውስጥ «ሲኤስአርኤፍ» የሚለውን የብሌድ ምልክት፣ በጃንጎ ደግሞ «ሲኤስአርኤፍ ቶክን» የሚለውን የቴምፕሌት ታግ ያስገቡ፤ የቀረውን ሚድልዌሩ ይሠራል። የላራቬል ውድቅ መልስ 419፣ የጃንጎ 403 ነው። ፎርሙ የሚላከው ወደ ሌላ ድርጅት አድራሻ ከሆነ ቶክኑን አይጨምሩ፤ ምስጢሩን በገዛ እጅ ማስረከብ ይሆናል።

ፍሬምወርክ በሌለው ፒኤችፒ ይህን ይከተሉ፦

ሀ. ሴሽን ከጀመሩ በኋላ ቶክን ከሌለ በ«ራንደም ባይትስ» 32 ባይት ያመንጩ፣ በ«ቢን ቱ ሄክስ» ወደ 64 ፊደል ይለውጡና ሴሽን ውስጥ ያስቀምጡ። በሰዓት ላይ የተመሠረተ ኤምዲ5፣ «ዩኒክ አይዲ» ወይም «ራንድ» አይሆንም፤ ሊገመቱ ይችላሉ።

ለ. ፎርሙ ውስጥ በድብቅ ግቤት ያስገቡት።

ሐ. ፖስት ሲመጣ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ቶክኖች መኖራቸውን፣ ጽሑፍ መሆናቸውንና ባዶ አለመሆናቸውን ያረጋግጡ። ይህ መስመር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሴሽኑ ውስጥ ቶክን ገና ካልተፈጠረ ባዶ ይሆናል፤ አጥቂውም ባዶ ይልካል፤ ባዶ ከባዶ ጋር እኩል ነው፣ ጥያቄውም ያልፋል።

መ. ከዚያ በ«ሃሽ ኢኳልስ» ያነጻጽሩ። ተራው የእኩል ምልክት የመጀመሪያው ልዩነት ላይ ሲደርስ ስለሚያቆም የጊዜ ልዩነቱ ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል።

ሠ. ካልተመሳሰለ 403 መልሰው ያቁሙ። ስሕተቱን መዝግቦ ሥራውን የሚቀጥል ኮድ መከላከያ አይባልም።

ረ. ተጠቃሚው ሲገባ የሴሽን መለያውን ያድሱ፣ ቶክኑንም አዲስ ያድርጉት።

በየጥያቄው የሚለዋወጥ ቶክን የበለጠ አስተማማኝ ይመስላል። ተጠቃሚው ሁለት ታብ ሲከፍት ወይም የኋላ አዝራር ሲጫን ግን ሕጋዊው ፎርም ውድቅ ይሆናል፤ ቅሬታው ሲበዛም መከላከያው ይነሣል። በሴሽን አንድ ቶክን በቂ ነው። ቶክኑን ዩአርኤል ላይ አይጻፉ፤ በሰርቨር ሎግ፣ በብራውዘር ታሪክና በሪፈረር ሄደር ይወጣል።

የመግቢያው ፎርምም ቶክን ይፈልጋል። «ገና ያልገባ ሰው ምን ይሰረቅበታል?» የሚል ካለ፦ አጥቂው ተጠቂውን በአጥቂው በራሱ አካውንት ሊያስገባው ይችላል። ሰውየው ያላወቀው አካውንት ውስጥ የመታወቂያ ቅጂውን ይጭናል፣ የባንክ ቁጥሩን ይሞላል፤ አጥቂው ቆይቶ ገብቶ ያነበዋል።

4. በጃቫስክሪፕት የሚላኩ ጥሪዎች

ቶክኑን በሄደር ይላኩ፦ በላራቬል «ኤክስ-ሲኤስአርኤፍ-ቶክን»፣ በጃንጎ «ኤክስ-ሲኤስአርኤፍቶክን»። የሰረዙ ልዩነት ሰዓታት ስለሚያባክን ልብ ይበሉት። የፊት ገጹ ሪአክት ወይም ቪው ሆኖ ላራቬል ሳንክተም (የላራቬል የማንነት ማረጋገጫ ፓኬጅ) የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ከመግባቱ ጥሪ በፊት የሳንክተምን የሲኤስአርኤፍ ኩኪ አድራሻ አንድ ጊዜ መጥራት ግዴታ ነው።

«ኤፒአያችን ጄሰን ብቻ ነው የሚቀበለው» የሚለው መከራከሪያ የሚሠራው ሰርቨሩ ይህን በእርግጥ ሲያስገድድ ነው። ተራ ፎርም በሦስት የይዘት ዓይነቶች ሊላክ ይችላል፦ በተለመደው የፎርም ኢንኮዲንግ፣ በመልቲፓርት እና በተራ ጽሑፍ። አጥቂው ጄሰን የሚመስል ይዘት በተራ ጽሑፍ ስም ቢልክ ብራውዘሩ ቅድመ ፈቃድ ሳይጠይቅ ያሳልፈዋል፤ የይዘት ዓይነቱን ሳያይ ጄሰን ብሎ የሚተረጉም ሰርቨርም ይፈጽመዋል። ዓይነቱ «አፕሊኬሽን ጄሰን» ካልሆነ 415 ይመልሱ።

የኮርስ (ሌሎች ሳይቶች የሰርቨሩን መልስ እንዲያነቡ የሚፈቅደው ደንብ) አቀማመጥዎንም በዚሁ ይዩ። የመጣውን «ኦሪጅን» (ጥያቄው የተነሣበትን ሳይት አድራሻ) እንዳለ መልሶ የሚያስተጋባና ኩኪ እንዲላክ የሚፈቅድ ሰርቨር ለማንኛውም ሳይት መልሱን እንዲያነብ በር ይከፍታል። መልሱ ውስጥ ቶክን ካለ ቶክኑም አብሮ ይሄዳል።

5. ኩኪውን ያጥብቁ

የሴሽን ኩኪው «ሴኪዩር»፣ «ኤችቲቲፒ-ኦንሊ» እና «ሴምሳይት» ይኑረው፤ ሴምሳይት ከሌላ ሳይት በተነሣ ጥያቄ ላይ ኩኪው መላክ አለመላኩን ይወስናል። ክሮም እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2020 ጀምሮ፣ ከ80ኛው እትም ወዲህ፣ ሴምሳይት ያልተጻፈበትን ኩኪ እንደ «ላክስ» (ከሌላ ሳይት በሊንክ ሲመጡ ብቻ የሚላክ) ይቆጥራል። ይህን ተማምኖ መተው ግን ስሕተት ነው፤ ሁሉም ብራውዘር እንዲህ አያደርግም፣ ክሮምም ራሱ ካልተጻፈበት ኩኪ ጋር ለመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች ከሌላ ሳይት የሚመጣ ፖስትን ያሳልፋል። ተጠቃሚው አሁን ገና ከገባ ያ 2 ደቂቃ በቂ ነው። ላራቬልና ጃንጎ «ላክስ» ብለው ይጽፋሉ፤ ተራ ፒኤችፒ ካላዘዙት አይጽፍም፣ ማዘዝ የሚቻለውም ከ7.3 እትም ጀምሮ ነው።

«ላክስ» ወይስ «ስትሪክት»? የክፍያ ገጽ ያለው አፕሊኬሽን መልሱን ቶሎ ያገኘዋል። ደንበኛው ወደ ክፍያ አቅራቢው ገጽ ሄዶ ከፍሎ ሲመለስ ስትሪክት ኩኪ አብሮት አይመጣም፤ ገንዘቡ ወጥቶ ፖርታሉ «እባክዎ ይግቡ» ይለዋል። ላክስ በጌት ሲመለስ ይሠራል፤ አቅራቢው በፖስት የሚመልስ ከሆነ ላክስም አይበቃም። በዚህን ጊዜ ብዙዎች የሴሽኑን ኩኪ «ነን» ያደርጉታል፤ ያኔ ጥበቃው ለመላው አፕሊኬሽን ይነሣል። የተሻለው መንገድ ሴሽን የማይፈልግ የመቀበያ ራውት ሠርቶ ከእሱ ወደ ውጤት ገጹ በጌት ማዛወር ነው።

ሴምሳይት ሊያደርግ የማይችለውን ካላወቁ ያታልላል። «ሳይት» ማለት የተመዘገበው ዶሜይን ነው፤ ንዑስ ዶሜይኖች ሁሉ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ዶት ኮም ዶት ኢቲ፣ ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲና ዶት ገቭ ዶት ኢቲ ብራውዘሮች በሚጠቀሙበት የጋራ ቅጥያዎች ዝርዝር ውስጥ ስላሉ፣ በእነሱ ሥር ያሉ ሁለት መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ የተለያዩ ሳይቶች ናቸው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት የተማሪዎች ፖርታልና ለዓመታት ያልታደሰ የክበብ ወርድፕረስ ግን አንድ ሳይት ናቸው። ወርድፕረሱ ከተጠለፈ ላክስም ስትሪክትም አይረዱም። ቶክኑ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ኩኪውን በሁለት የታች ሰረዝ፣ በ«ሆስት» እና በአንድ ሰረዝ የሚጀምር ስም ቢሰጡት፣ ብራውዘሩ ሴኪዩር እንዲሆን፣ ዱካው ሥሩ እንዲሆንና «ዶሜይን» እንዳይጻፍበት ያስገድዳል፤ የተጠለፈ ንዑስ ዶሜይን በላዩ ሊጽፍበት አይችልም። ቶክን በኩኪና በሄደር በጥንድ ልኮ ማነጻጸርን ለመረጡ ሰዎች ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም።

6. የጥያቄውን መነሻ ይፈትሹ

አሁን ያሉት ዋና ዋና ብራውዘሮች ጥያቄው ከራስዎ ወይም ከሌላ ሳይት መነሣቱን የሚናገር «ሴክ-ፌች-ሳይት» የሚል ሄደር ይልካሉ፤ የመጨረሻው ሳፋሪ ሲሆን ከ16.4 እትም፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2023 ጀምሮ ይደግፋል። ገጽ ላይ ያለ ጃቫስክሪፕት ሊቀይረው አይችልም። ደንቡ አጭር ነው፦ መረጃ በሚለውጥ ሜተድ ላይ ዋጋው «ሴም-ኦሪጅን» ወይም «ነን» ከሆነ ይለፍ፤ «ክሮስ-ሳይት» ወይም «ሴም-ሳይት» ከሆነ 403። ሄደሩ ከሌለ «ኦሪጅን»ን ከራስዎ አድራሻ ጋር ሙሉ በሙሉ ያነጻጽሩ። «ስማችን በውስጡ አለ ወይ» የሚል ፍለጋ አይበቃም፤ አጥቂው ስምዎን የራሱ ዶሜይን መጀመሪያ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። «ነል» የሚል ኦሪጅንንም አይቀበሉ፤ በሳንድቦክስ ከታጠረ አይፍሬም እንዲህ ሆኖ ይመጣል።

ጎ የፕሮግራም ቋንቋ በ1.25 እትሙ ይህንኑ ፍተሻ «ክሮስ ኦሪጅን ፕሮቴክሽን» በሚል ስም መደበኛ ላይብረሪው ውስጥ አስገብቶታል። ሄደሩ የሚመጣው በኤችቲቲፒኤስና በሎካልሆስት ብቻ ስለሆነ፣ አሁንም በተራ ኤችቲቲፒ የሚሠራ ፖርታል መጀመሪያ ያንን ያስተካክል።

7. ነፃ የተደረጉትን አንድ በአንድ ይመርምሩ

ከላራቬል 11 ጀምሮ ከቶክን ማረጋገጫ ነፃ የተደረጉት ራውቶች ዝርዝር ቡትስትራፕ ውስጥ ባለው የአፕ ፋይል ይገኛል፣ በቀደሙት «ቬሪፋይ ሲኤስአርኤፍ ቶክን» በተባለው ክላስ ውስጥ ነው። በጃንጎ «ሲኤስአርኤፍ ኤግዘምፕት» የሚለውን በመላው ኮድ ይፈልጉ። ትክክለኛ ምክንያት ያለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚመጣ ጥሪ። እንደ ቻፓ ያለ የክፍያ አገናኝ የክፍያ ውጤት በዌብሁክ ሲልክ ሴሽንም ቶክንም የለውም። ነፃ ሲያደርጉት ግን በምትኩ ፊርማውን በምስጢር ቁልፍዎ ያረጋግጡ፤ ቀጥሎም የግብይቱን ሁኔታና የገንዘቡን መጠን ከአቅራቢው መልሰው ይጠይቁ። በኮከብ ምልክት «ክፍያ ሥር ያለው ሁሉ» ብለው ነፃ አያድርጉ። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ባለሙያ «ክፍያ ሰርዝ» የሚል ራውት እዚያው ሥር ይጨምራል፤ እሱም ሳያውቀው ነፃ ይወጣል።

ሌሎቹ ምክንያቶች ሲመረመሩ የአቀማመጥ ችግር ሆነው ይገኛሉ።

419 በረዣዥም ፎርሞች ላይ፦ የላራቬል ሴሽን ካልተቀየረ 120 ደቂቃ ይቆያል። መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ምዝገባ ከዚያ በላይ መፍጀቱ ብርቅ አይደለም። የሞላው ሁሉ የጠፋበት ሰው መናደዱ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን የሴሽኑን ዕድሜ ማራዘም፣ ረቂቁን ማስቀመጥ፣ 419 ሲመጣም ከይለፍ ቃል በቀር የተሞላውን ይዞ ወደ ፎርሙ መመለስ ነው። ሰውየው ራሱ እንደገና ይጫን እንጂ ኮዱ ፎርሙን በራሱ አይላከው።

ኤንጂንኤክስ (ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ፕሮክሲ) ጀርባ ያለ ጃንጎ፦ ኤችቲቲፒኤሱ ፕሮክሲው ላይ ካበቃ ጃንጎ ራሱን በኤችቲቲፒ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ኦሪጅኑ አልገጠመም ብሎ ሁሉንም በ403 ይመልሳል። ፕሮክሲው «ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፕሮቶ» እንዲልክ፣ ከውጭ የመጣውንም እንዲተካ ያድርጉና በጃንጎ «ሴኪዩር ፕሮክሲ ኤስኤስኤል ሄደር»ን ያስተካክሉ። የታመኑ ኦሪጅኖች ዝርዝር ከጃንጎ 4.0 ጀምሮ ኤችቲቲፒኤስ የሚለውን መነሻ ጨምሮ መጻፍ አለበት።

ካሽ የተደረገ ገጽ፦ ፎርም ያለበትን ሙሉ ገጽ ፕሮክሲው ወይም ሲዲኤኑ (የገጽ ቅጂ የሚያከፋፍለው አገልግሎት) ካስቀመጠው የአንዱ ሰው ቶክን ለሁሉም ይታደላል። «አንዳንዱ ላይ ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ አይሠራም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። እነዚህን ገጾች «ኖ-ስቶር» ያድርጓቸው።

8. ጥቃቱን ራስዎ ሞክሩት

የላራቬል ሚድልዌር አውቶማቲክ ፈተና ሲካሄድ ቶክን አይጠይቅም፤ የጃንጎ የፈተና ክላየንትም ሲፈጠር ካላዘዙት ማረጋገጫውን ይዘለዋል። ፈተናው ሁሉ አረንጓዴ መሆኑ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይናገርም። በጃንጎ «ኤንፎርስ ሲኤስአርኤፍ ቼክስ»ን እውነት አድርገው የተለየ ፈተና ይጻፉ።

ለእጅ ሙከራ፣ ሲከፈት ራሱን ወደ አፕሊኬሽንዎ የሚልክ ፎርም ያለበት ገጽ ይሥሩ። አፕሊኬሽኑ ሎካልሆስት ፖርት 8000 ላይ ካለ፣ የአጥቂውን ገጽ ሎካልሆስት 9000 ላይ አያድርጉት፤ ፖርት ሳይትን ስለማይለይ ሁለቱ አንድ ሳይት ናቸው፣ ሴምሳይትም አይፈተንም። 127.0.0.1 ላይ ያድርጉት። ሁለቱንም መሞከር ግን ጥሩ ነው፤ በ9000ው የሚያልፍ ፎርም ካለ ከሴምሳይት ሌላ መከላከያ የለውም ማለት ነው።

በ2ኛው ደረጃ ለመዘገቧቸው ራውቶች ሁሉ ደግሞ በከርል ወይም በበርፕ (ጥያቄን በእጅ አስተካክሎ መላኪያ መሣሪያዎች) አምስት ሙከራ ያድርጉ፦ ቶክኑን አውጥተው፣ ባዶ አድርገው፣ የሌላ ተጠቃሚ ቶክን ተክተው፣ ፖስትን ወደ ጌት ቀይረው፣ የይዘት ዓይነቱን ተራ ጽሑፍ አድርገው። የሌላ ተጠቃሚ ቶክን ካለፈ፣ ቶክኑ ከሴሽኑ ጋር አልተሳሰረም።

ስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል መቀየር፣ ገንዘብ ማስተላለፍ ለመሳሰሉት ቶክን ብቻ አይበቃም። የአሁኑን የይለፍ ቃል ወይም በነባሩ ስልክ የተላከ ኮድ ይጠይቁ። የራስዎ ገጽ ላይ ኤክስኤስኤስ (ሾልኮ የገባ የአጥቂ ስክሪፕት) ካለ ቶክኑን ከገጹ አንብቦ ይልከዋልና፣ ያኔ የሚያግደው ይህ ተጨማሪ ጥያቄ ብቻ ነው።

ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ውድቅ የተደረጉትን ይመዝግቡ፦ ራውቱን፣ ኦሪጅኑንና ሴክ-ፌች-ሳይትን፤ ቶክኑን ግን በፍጹም አይመዝግቡ። አዲስ እትም በተጫነ ማግስት ቁጥሩ በአንዴ ከዘለለ የአቀማመጥ ስሕተት ነው። ጥቂት ሆነው ሁሉም «ክሮስ-ሳይት» ካሉና አንድ ወሳኝ ራውት ላይ ካነጣጠሩ ግን፣ ኦሪጅኑ ላይ የተጻፈውን ዶሜይን ይመርምሩ፤ ያንን ገጽ የከፈቱትን ተጠቃሚዎችም ከሎጉ ለይተው በዚያ ሰዓት በአካውንታቸው ላይ የተደረገውን ለውጥ ይፈትሹ።